የበረራ ቁጥር ማን ይሰጠዋል? ለምንስ ይቀየራል?

ትኬታችሁ ላይ ከቁጥሩ በፊት ያሉት ሁለት ፊደሎች የአየር መንገዱ መለያ ናቸው፤ የሚሰጠው አያታ የተባለው ዓለም አቀፍ ማኅበር ነው። «ኢቲ» የኢትዮጵያ፣ «ኬኪው» የኬንያ ነው። ቁጥሩን ግን አየር መንገዱ ራሱ ይመርጣል። ኢቲ 500 ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን ይሄዳል፣ መልሱ 501 ነው። ቁጥሩ የአውሮፕላኑ ስም እንዳይመስላችሁ፤ ነገም ሌላ አውሮፕላን በዚያው 500 ይበራል። ስለዚህ ለሚቀበላችሁ ዘመድ የምትደርሱበትን ቀን ጭምር ንገሩት።

ሰዓት ወይም መስመር ሲለወጥ ቁጥሩም ሊቀየር ይችላል። ከአደጋ በኋላም እንዲሁ፦ የማሌዥያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2014 አውሮፕላኑ ሲጠፋ ለተሳፋሪዎቹ ክብር ሲል 370ን በ318 ተካው። ሁለት አየር መንገዶች አንድ በረራ አብረው ከሸጡ ደግሞ በረራው ሁለት ቁጥር ይይዛል። ሰሌዳው ላይ የእናንተን ካጣችሁ አትደንግጡ፤ መዳረሻውንና ሰዓቱን አይታችሁ ሠራተኛ ጠይቁ።