የጆሮ ጩኸትና የመርፌው መንገድ

በጋይንት የምትገኘው ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት። ከመምህር አፍ በሚቀዳ ዜማ የሚኖር ደቀ መዝሙር ጆሮው ሌት ተቀን ቢጮኽበት፣ የሚታወከው ትምህርቱ ጭምር ነው።

ለዚህ ሕመም አኩፓንክቸር ሲነሣ፣ «እኛስ ዋግምት ነበረን» የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ዋግምት ቆዳ በጥቶ፣ በቀንድ ስቦ ደም ያወጣል፤ የቻይናው መርፌ በአመዛኙ ደም ለማፍሰስ ሳይሆን «ቺ» የተባለውን ኃይል በመስመሩ ለማስኬድ የታሰበ ነው። መንገዱም ሌላ ነው። ኢትዮጵያና ቻይና እ.ኤ.አ. በ1970 ግንኙነት መሠረቱ፤ በ1971 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤይጂንግን ጎበኙ፤ በ1974 የመጀመሪያው የቻይና ሐኪሞች ቡድን መጣ። እንዲህ ያሉ ቡድኖች በአፍሪካ ካስተዋወቋቸው ጥበቦች አንዱ አኩፓንክቸር ነው።

ይፈውሳልን? የአሜሪካ የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪሞች አካዳሚ በ2014 ባወጣው መመሪያ ለመደገፍም ለመንቀፍም የሚያበቃ ማስረጃ አላገኘም።

እኔ ግን ከመርፌው በፊት የማነሣው ጥያቄ አለ። ዛሬ ማንኛውንም እንክብል የምንጠራበት «ክኒን» የሚለው ቃል የመጣው ከወባ መድኃኒቱ ከኪኒን ነው፤ ኪኒን ደግሞ ራሱ ጆሮ ያስጮኻል። ከስማዳ ወይም ከእስቴ ቆላ ጆሮው እየጮኸ የመጣን ሰው አስቀድመን የምንጠይቀው ምን መድኃኒት እንደ ወሰደ ነው።