ቡሖና ባቡር፦ የኮመጠጡ ምግቦች ታሪክ በስምጥ ሸለቆ ከተሞች

አማርኛ ለአንድ የተፈጥሮ ሂደት ብዙ ግሥ አበጅቷል። ሊጥ ይቦካል፤ ወተት ይረጋል፤ ጠላ ይጠነሰሳል፣ ይደፈደፋል፤ ጠጅ ይጣላል፤ ቆጮ ይብላላል። የሥነ ሕይወት ምሁር እነዚህን ሁሉ በአንድ ስም ጠቅልሎ፣ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ስኳርንና ስታርችን ወደ አሲድ፣ ወደ አልኮልና ወደ አየር የሚለውጡበት ሥራ ነው ይላል። ባለሙያዋ ሴት ግን እያንዳንዱን በየግሡ ለይታ የጠራችው የየራሱ ዕቃ፣ የየራሱ ቀን፣ የየራሱ ሽታና የየራሱ አደጋ እንዳለው በሥራ ስላወቀች ነው። ግሡ ራሱ የረጅም ዘመን ልምድ መዝገብ ነው።

ይህ መዝገብ ባንድ አካባቢ ብቻ የተጻፈ አይደለም። የደጋው ቡሖ፣ የአርብቶ አደሩ ኢቲቱ፣ የእንሰት አገሩ ቆጮ ለብዙ ዘመን ተራርቀው ኖረዋል። ያንዱ የዕለት ምግብ ለሌላው እንግዳ፣ አንዳንዴም የሚያስቅ ነበር። እነዚህን ምግቦች ባንድ ገበያ ካገናኙአቸው ከተሞች መካከል የስምጥ ሸለቆዎቹ ልዩ ቦታ አላቸው፤ ከእነዚህም ግንባር ቀደሟ አዳማ ናት።

ሐዲዱና ገበያው

ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ገባ። የአርሲ፣ የከረዩ፣ የጂሌና የቱለማ ኦሮሞዎች ከብት በሚያግዱበትና በሚያርሱበት ምድር ላይ ሐዲድ ተዘረጋ። በአዳማ ጣቢያ ቆመ፤ በጣቢያው ዙሪያ ገበያ፣ በገበያው ዙሪያ ከተማ በቀለ። ከተማይቱ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ናዝሬት ተባለች፤ እ.ኤ.አ. በ2000 የቀድሞ ስሟ ተመለሰላት። ከሞጆ ወደ ደቡብ የሚወርደው የመኪና መንገድም መቂን፣ ዝዋይን (የዛሬዋን ባቱ)ና ሻሸመኔን በአንድ ክር እንደ ዶቃ ሰካቸው።

ወደ ከተማ የሚወርድ ቤተሰብ ንብረቱን ሁሉ ይዞ አይወርድም። የቡሖ ዕቃ ግን አይቀርም፤ ከዕቃው ጋር የተጣበቀው ያለፈው ሊጥ የመጪው እንጀራ ዘር ነውና። ከሸዋ ደጋ የመጣችው ባለሙያ በአዳማ አዲስ ትምህርት ጠበቃት። በደጋው ብርድ ሦስት ቀን የሚፈልገው ሊጥ በሸለቆው ሙቀት ፈጥኖ ይኮመጥጣል። እርሾውን መቀነስ፣ ዕቃውን ከጥላ ማኖር፣ አብሲቱን ቀደም ብሎ መጣል ግድ ሆነ። ቴርሞሜትር በሌለበት ጓዳ የሙቀትና የጊዜ ሒሳብ በሽታና በአረፋ ተሠራ። እርሾው ሲበላሽባት ደግሞ ከጎረቤት ትለምናለች፤ ጎረቤቲቱ የየት አገር ሰው እንደሆነች ሊጡ አይጠይቅም።

የአካባቢው ኦሮሞ ደግሞ የወተት ባለቤት ነበር። ወተት በሙቀት አገር አንድ ቀን የማያድር ሀብት ነው፤ ለነገ የሚያሻግረው ማርጋት ብቻ ነው። የወተቱ ዕቃ ታጥቦ በተመረጠ እንጨት ጭስ ይታጠናል። ጭሱ መዓዛ ይሰጣል፣ የአንዳንድ ተሕዋስያንንም እድገት ይገታል። በቦረና ይህ ጥበብ ከፍተኛ ደረጃ ደርሷል። ጎርፋ በሚባለው ከእፅዋት ቃጫ በተጎነጎነ ዕቃ ውስጥ ወተቱ ይረጋል፤ ውሃው ይወጣል፣ ትኩስ ወተት ይጨመራል፤ እንደገና ይረጋል፣ እንደገና ይጨመራል። እንዲህ የተጠራቀመው ኢቲቱ ለሳምንታት ሳይበላሽ ይቆያል። ለአርብቶ አደሩ ይህ የድርቅ ወራት ስንቅ ነው።

ወተት በጾም በሚከለከልበት ቤት ደግሞ ስልጆ አለ። የሱፍ ውሃ ከባቄላ ዱቄት ጋር ተማስሎ ይበስላል። ሲቀዘቅዝ ሰናፍጭ ይገባበታል፤ ከዚያም ለቀናት ተከድኖ ይኮመጥጣል። ለማያውቀው ሰው አፍንጫ የሚሰነፍጥ እንግዳ ነገር ነው፤ ለጾመኛው ግን ጥራጥሬና የቅባት እህል ባንድነት የሚገኙበት ማባያ ነው።

አገዳው፣ ቆጮውና ጃቫ

ኤች.ቪ.ኤ. የተባለው የሆላንድ ኩባንያ ከንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ጋር ተዋውሎ ከአዳማ በስተደቡብ፣ በአዋሽ ዳር፣ የወንጂን የሸንኮራ አገዳ እርሻ አቋቋመ። ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1954 ስኳር ማምረት ጀመረ። አገዳውን ለመቁረጥ ከከምባታ፣ ከሐዲያና ከወላይታ ብዙ ወዛደር ወረደ። ይህ ሕዝብ በእንሰት ያደገ ነው። የእንሰቱ ግንድና ሥር ተፍቆና ተከትክቶ፣ በቅጠል በተነጠፈ ጉድጓድ ተቀብሮ፣ ለሳምንታት ወይም ለወራት ተብላልቶ ቆጮ ይሆናል። እንሰት የደጋና የወይና ደጋ ተክል በመሆኑ ወደ አገዳው መስክ ሠራተኛውን አልተከተለውም፤ ቆጮው ግን በገዛ ቅጠሉ ተጠቅልሎ ገበያ ይወርዳል። ከእህል የሚዘጋጀውና በደቡብ የተለመደው ወፍራሙ ቦርዴም አለ። እርሱ ለድኻው ሠራተኛ መጠጥ ብቻ ሳይሆን ምሳም ነው።

ታሪክ እዚህ ላይ አንድ አስገራሚ መገጣጠም ያሳያል። ይኸው ኩባንያ ቀደም ሲል የተስፋፋው በሆላንድ ቅኝ ግዛት፣ በዛሬይቱ ኢንዶኔዥያ ነበር። በዚያው በጃቫ ደሴት ክርስቲያን አይክማን የተባለው ሐኪም በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ላይ፣ የተፈተገ ሩዝ ብቻ የተቀለቡ ዶሮዎች ሽባ ሲሆኑ፣ የሩዙ ሽፋን ሲጨመርላቸው ሲድኑ አየ። ካሲሚር ፉንክ እ.ኤ.አ. በ1912 ቪታሚን የሚለውን ስም ያወጣው ይህን መሰሉን የጎደለ ነገር ለመሰየም ነው። የጃቫ ገበሬ ግን አኩሪ አተርን በሻጋታ አብላልቶ ተምፔ የተባለ ምግብ ከሠራ ብዙ ዘመኑ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በጃፓኖች ካምፕ የታጎሩና ሆዳቸው የታመመ እስረኞች ተራውን አኩሪ አተር መፍጨት ሲያቅታቸው ተምፔውን እንደቻሉ ተመዝግቧል። የወንጂው ኩባንያ ከጃቫ ይዞ የመጣው የስኳርን ዕውቀት ነበር። የማብላላቱን ዕውቀት ግን ወዛደሩ ከገዛ ቤቱ ይዞ መጥቷል።

ቤተ ሙከራው ወደ ጓዳ ሲገባ

የአገራችን ኮምጣጣ ምግቦች ከቤተ ሙከራ ጋር የተዋወቁት ዘግይተው ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 የኢትዮጵያና የስዊድን መንግሥታት በጋራ የሕፃናት አመጋገብ ክፍልን አቋቋሙ፤ ክፍሉ በ1968 የኢትዮጵያ የሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት ሆነ። በዚያው በ1962 ስቲዋርትና አስናቀ ጌታቸው የእንጀራን ባሕርይ የመረመረ ጥናት አሳትመው በእርሾው ውስጥ ያገኙትን ተሕዋስ ለይተው አመለከቱ። በ1985 ብርሃኑ ጋሼ የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች በጤፍ ሊጥ ውስጥ ያላቸውን ድርሻ አሳዩ። በ1990ዎቹ ሞገሴ አሸናፊ በስልጆ፣ በቦርዴና በሻሜታ ላይ ያካሄዱአቸውን ምርምሮች ለንባብ አበቁ።

ከእነዚህና ከመሰሎቻቸው ጥናቶች ጎልቶ የሚታየው ነገር ከተአምር ወሬ ይልቅ የሚጠቅም ነው። በእህል ቅርፊት ውስጥ ፋይቴት የሚባል ነገር አለ። ብረትንና ዚንክን አስሮ ሰውነት እንዳይወስዳቸው ያደርጋል። ሊጥ በደንብ ሲቦካ ይህ ማሠሪያ ይፈታል። አንዳንድ ተሕዋስያን ደግሞ እንደ ፎሌትና ሪቦፍላቪን ያሉትን የቢ ክፍል ቪታሚኖች ራሳቸው ያመርታሉ፤ መጠኑ ግን እንደ ተሕዋሱ ዓይነት ይለያያል። አሲዱ ብዙ ጎጂ ጀርሞችን ይገታል። እርጎም ወተት ለሚነፋው ሰው ይቀለዋል፤ ከወተቱ ስኳር የተወሰነው በባክቴሪያው ተበልቷልና።

እውነቱ ግን ሙሉ ሆኖ መነገር አለበት። ጤፍ በብረት የበለጸገ ነው የሚለው ዝና በከፊል ከአውድማ የመጣ ነው። በከብት እግር ሲወቃ ከሚቀላቀለው አፈር የሚገኝ ብረት በምርመራው ተቆጥሮ ኖሯል፤ ጤፉ በሚገባ ሲታጠብ ብረቱ በእጅጉ ይቀንሳል። ከቡሖው ላይ የሚቀዳው ቢጫ ውሃም ከሟሙት ቪታሚኖች ከፊሉን ይዞ ሊሄድ ይችላል። ቆጮ ኃይል ሰጪ ቢሆንም ፕሮቲኑ አነስተኛ ነው፤ የእንሰት አገር ሰው ከጎመን፣ ከአይብና ከሥጋ ጋር ማቅረቡ ከልማድ ያለፈ ጥበብ ነው። ያልተፈላ ወተት በመርጋቱ ብቻ ከሳንባ ነቀርሳና ከብሩሴሎሲስ ነፃ አይሆንም፤ ወተቱን አፍልቶ፣ አቀዝቅዞ፣ ከዚያ በእርሾ ማርጋት ሁለቱንም ዕውቀት ያስታርቃል። ኮምጣጣ ምግብ መድኃኒት አይደለም። ትክክለኛ ጊዜ፣ ንጹሕ ዕቃና ተስማሚ ማባያ ሲያገኝ ግን ከጥቂት እህል ብዙ ጥቅም ያስገኛል።

አደጋው የሚመጣው ከእነዚህ ሦስቱ አንዱ ሲጎድል ነው። የከተማ ኑሮ ጊዜን አስወድዷል። ለገበያ የሚጋገር እንጀራ በሱቅ እርሾ ተገፍቶ ባንድ ቀን ሲነሣ፣ ዓይኑ ያምራል፣ ይሸጣልም። ይሁን እንጂ ፋይቴቱን ለመፍታት የሚያስፈልገው ጊዜ ተነፍጎታል። በላዩ ላይ ማባያው ከሳሳ፣ የአየሩን ዋጋ ከፍሎ ምግቡን ያጣው በላተኛው ነው። ጋጋሪዋንም መውቀስ አይገባም። የማገዶ፣ የጤፍና የቤት ኪራይ ወጪ ከቀን ወደ ቀን ያሯሩጣታል፤ ሦስት ቀን የማስቦኪያዋን ዋጋ የሚከፍላት የለም።

ስለዚህ የዚህ ታሪክ ቁም ነገር የሥራ ዋጋ ጉዳይ ነው። ሐዲዱን የዘረጉ፣ ፋብሪካውን የተከሉ ሰዎች በመዝገብ ሰፍረዋል። ሐዲድ አንጣፊውንና አገዳ ቆራጩን የመገቡት ሴቶች ግን ስማቸው አልተጻፈም። ዕውቀታቸውም ገና በሕይወት ካሉ አሮጊቶች ጋር በየጓዳው ይገኛል። የአዳማ፣ የመቂና የሻሸመኔ መምህር ለተማሪው የቤት ሥራ ሲሰጥ፣ ከአያቱ ዘንድ የዕቃውን ስም፣ የማጠኛውን እንጨት፣ በበጋና በክረምት የሚያድርበትን ቀን ቁጥር ጠይቆ በያለበት ቋንቋ እንዲጽፍ ቢያዘው፣ መጻሕፍት ቤት ያላገኘው መዝገብ በአንድ ዓመት ይጀመራል። ሠዓሊውና ጸሐፌ ተውኔቱም ጓዳውን የመድረክ ጀርባ አድርገው ማየታቸውን ሊተዉ ይገባል። ስልጆ የምትከድን፣ ጎርፋ የምታጥን፣ ቆጮ የምትጨምቅ ሴት በአንድ ገበያ ጎን ለጎን የተቀመጠችበት ታሪክ ለኪነ ጥበብ የሚያንስ ርእስ አይደለም። እርሾ ሳይሰጣጡ የሚቆይ ሀብት አይደለም፤ ዕቃው ታጥቦ ከደረቀ በኋላ ዘሩን መፈለግ ከጎረቤት ደጅ መቆምን ይጠይቃል።