ሃማ፣ የናጅድ ሴቶች የአናት ጌጥ

ወርቅ፣ ቱርኩዝና ቀይ ፈርጥ። ሰሌዳው አናት ላይ ያርፋል፤ ሰንሰለቶቹ በግራና በቀኝ ከሹሩባው ጋር ይወርዳሉ።

የጸጉሩ ሥራ ከጌጡ አያንስም። በቁርቁራ ቅጠል ይታጠብ፣ በሂና ይቀላ ነበር፤ ከዚያ «ማሻጣ» የምትባለው ሴት ቅርንፉድና ጽጌረዳ የገባበትን ልቁጥ እየቀባች ትጎነጉነው ነበር። በጸጉር ቅቤ ፈንታ ቅመም ይሁን እንጂ ለኢትዮጵያዊ ጎብኚ እንግዳ ነገር አይደለም።

የሳዑዲ ዓረቢያ መሥራች ኢብን ሳዑድ የናጅድን ከተማ ሪያድን በያዙበት በ1902 (እ.ኤ.አ.) የለንደን ወይዛዝርትም ለጸጉራቸው ይደክሙ ነበር፤ ከማበጠሪያቸው የለቀሙትን የገዛ ጸጉራቸውን በዕቃ ያጠራቅሙ ነበር። እሱኑ አድበልብለው ከሥር በመወተፍ ጸጉራቸውን ከግንባራቸው በላይ ያሳብጡት ነበር፤ ትልቁ ባርኔጣም እዚያው ላይ በረጅም መርፌ ይሰካ ነበር።

የሪያድ ሴት ግን ያኔ ደጅ ስትወጣ ትሸፈን ነበር። ሃማ ይታይ የነበረው በሠርግና በዒድ፣ ሴቶች ለብቻቸው ሲሰበሰቡ ነው።