የብራውዘሮች ገጽታ ለውጥና የነባር ተጠቃሚዎች ቅሬታ፦ የፋየርፎክስ ተሞክሮ

የኢንተርኔት ድረ ገጾችን ለመክፈትና ለማንበብ የሚያገለግለው ብራውዘር የተሰኘ ሶፍትዌር በአሁኑ ወቅት በየመሥሪያ ቤቱ ከሚገኙ ዋና ዋና የሥራ መሣሪያዎች አንዱ ሆኗል። ተጠቃሚው ይህን መሣሪያ ከሥራው ጠባይ ጋር አስማምቶ የማደራጀት ነጻነቱ እስከምን ድረስ ሊሆን ይገባል የሚለው ጥያቄ ግን አምራቾችንና ተጠቃሚዎችን ለዓመታት ሲያወዛግብ ቆይቷል። ለዚህ ጉልህ ማሳያ የሚሆነው ፋየርፎክስ የተባለው ብራውዘር ከ2014 እስከ 2017 ባሉት ዓመታት ያካሄደው ለውጥ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የነጻነቱ መሠረት

የፋየርፎክስ መነሻ ኔትስኬፕ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1998 የብራውዘሩን የፕሮግራም ኮድ ለሕዝብ ክፍት ማድረጉ ነው። ሥራውን የሚመራው ሞዚላ ፋውንዴሽን የተሰኘ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት በ2003 የተቋቋመ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ሙሉ እትም ፋየርፎክስ 1.0 ኖቬምበር 9 ቀን 2004 ለአገልግሎት በቅቷል። በዚያን ወቅት ገበያው በአብዛኛው በማይክሮሶፍት ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ቁጥጥር ሥር ነበር።

ፋየርፎክስን ከሌሎች ልዩ ያደረገው በውስጡ የተሠራበት ስልት ነበር። አዝራሮቹ፣ ዝርዝር ማውጫዎቹና ታቦቹ የተጻፉት ዙል በተሰኘ የገጽታ መግለጫ ቋንቋ ነው። ኤክስቴንሽን የሚባሉት ተጨማሪ ፕሮግራሞችም በዚሁ ቋንቋ ስለሚዘጋጁ፣ በብራውዘሩና በተጨማሪ ፕሮግራሙ መካከል ይህ ነው የሚባል ወሰን አልነበረም። በመሆኑም ማንኛውም አዘጋጅ የብራውዘሩን የትኛውንም ክፍል መለወጥ፣ ማንሳት ወይም በሌላ መተካት ይችል ነበር።

በዚህ ዕድል በስፋት የተጠቀሙት በቀን እጅግ ብዙ ገጾችን የሚከፍቱ ተመራማሪዎች፣ ጋዜጠኞች፣ የሶፍትዌርና የኔትወርክ ባለሙያዎች ነበሩ። ታብ ሚክስ ፕላስ የታቦችን አከፋፈትና አደረጃጀት እንደ ፍላጎት ለመወሰን፣ ዳውን ዜም ኦል በርካታ ፋይሎችን በአንድ ጊዜ ከኢንተርኔት ለማውረድ፣ ፋየር ኤፍቲፒ ደግሞ ፋይሎችን ወደ ሰርቨር ለመላክ ያገለግሉ ነበር። እነዚህ ሰዎች ብራውዘሩን ለዓመታት በየጥቂቱ አስተካክለው የገዛ ራሳቸው የሥራ ጠረጴዛ አድርገውት እንደነበር መገንዘብ ኋላ ላይ የመጣውን ቅሬታ ለመረዳት ይጠቅማል።

የ2014 የገጽታ ለውጥ

ኤፕሪል 29 ቀን 2014 የወጣው ፋየርፎክስ 29 ኦስትራሊስ የተሰኘ አዲስ ገጽታ ይዞ ቀረበ። ታቦቹ ክብ ጠርዝ እንዲኖራቸው ተደረገ፤ ዋናው ማውጫ በቀኝ በኩል በሚገኝ አንድ አዝራር ውስጥ ተጠቃለለ። በሌላ በኩል በግርጌ የነበረው የተጨማሪ ፕሮግራሞች መደዳና አዝራሮችን በአነስተኛ መጠን የማሳየት ምርጫ ተነሱ። አንዳንድ አዝራሮችን ከቦታቸው ማንቀሳቀስም የማይቻል ሆነ።

ቅሬታው ብዙ ቢሆንም መፍትሔው እዚያው በብራውዘሩ ውስጥ ተገኘ። ክላሲክ ቲም ሪስቶረር የተባለ ተጨማሪ ፕሮግራም የቀድሞውን ገጽታ መልሶ ስለሚያመጣ፣ ለውጡን ያልወደዱ ተጠቃሚዎች እርሱን ጭነው ሥራቸውን ቀጠሉ። ይህ መውጫ ግን ዙል በሥራ ላይ እስካለ ድረስ ብቻ የሚያገለግል ነበር።

ለውጡን ያስገደዱ ምክንያቶች

ሞዚላ ኦገስት 21 ቀን 2015 ነባሩን ስልት ለማስቀረትና ዌብኤክስቴንሽንስ በተሰኘ አዲስ ሥርዓት ለመተካት ማቀዱን አስታወቀ። ለዚህም ሁለት መሠረታዊ ምክንያቶች ነበሩት።

የመጀመሪያው ከፍጥነትና ከአስተማማኝነት ጋር የተያያዘ ነው። በ2008 ለሕዝብ የቀረበው ጎግል ክሮም ድረ ገጾችን እርስ በርስ ነጥሎ ያሠራ ስለነበር፣ አንዱ ገጽ ሲበላሽ ሌሎቹ ሥራቸውን ይቀጥሉ ነበር። በፋየርፎክስ ግን ገጾቹም ብራውዘሩም በአንድነት ይሠሩ ስለነበር አንድ ገጽ ሲቆም ሁሉም ይቆማል። ሞዚላ ይህን ለማረም በኦገስት 2016 ከፋየርፎክስ 48 ጀምሮ ሥራውን መነጣጠል ቢጀምርም፣ በነባሩ ስልት የተሠሩ በርካታ ተጨማሪ ፕሮግራሞች ከአዲሱ አሠራር ጋር መጣጣም አልቻሉም። በብራውዘሩ ውስጥ የሚደረግ ጥቂት ማሻሻያ እንኳ ብዙ ፕሮግራሞችን ሊያሰናክል ይችል ነበር።

ሁለተኛው ምክንያት ደኅንነት ነው። የቀድሞዎቹ ተጨማሪ ፕሮግራሞች ብራውዘሩ ያለው ሥልጣን በሙሉ ስለነበራቸው፣ ክፉ ሐሳብ ያለው አዘጋጅ የተጠቃሚውን የይለፍ ቃልና በኮምፒውተሩ የሚገኙ ፋይሎችን ማግኘት ይችል ነበር። በአዲሱ ሥርዓት ግን ፕሮግራሙ የሚሠራው በተፈቀደለት ወሰን ውስጥ ብቻ ሲሆን፣ የሚጠይቀው ፈቃድም ለተጠቃሚው በግልጽ ይነገረዋል።

የኖቬምበር 2017 ውሳኔ

ኳንተም የሚል መጠሪያ የተሰጠው ፋየርፎክስ 57 ኖቬምበር 14 ቀን 2017 ሲወጣ በነባሩ ስልት የተሠሩ ተጨማሪ ፕሮግራሞች በሙሉ ሥራ አቆሙ። ሞዚላ አዲሱ እትም ከአንድ ዓመት በፊት ከነበረው በእጥፍ እንደሚፈጥን የገለጸ ሲሆን፣ የፍጥነቱን መሻሻል ብዙዎች በአድናቆት ተቀብለውታል።

ጉዳቱ የደረሰው ብራውዘሩን ከማንም በላይ ሲጠቀሙበት በነበሩት ላይ ነው። ክላሲክ ቲም ሪስቶረር፣ ታብ ሚክስ ፕላስና ፋየር ኤፍቲፒ በአዲሱ ሥርዓት እንደ ቀድሞው ሊቀጥሉ አልቻሉም። ዳውን ዜም ኦል እንደገና ተጽፎ የተመለሰው በ2019 ሲሆን፣ አቅሙም ከቀድሞው የተወሰነ ነበር። ታቦችን በጎን በኩል በዛፍ ቅርንጫፍ መልክ የሚደረድረው ትሪ ስታይል ታብ ወደ አዲሱ ሥርዓት ቢሸጋገርም፣ ከላይ ያለውን ነባር የታብ መደዳ የመደበቅ ሥልጣን ስላልነበረው ተመሳሳይ ዝርዝር በሁለት ቦታ የሚታይበት ሁኔታ ተፈጠረ።

ውሳኔው በድንገት የተላለፈ አልነበረም። ከመጀመሪያው ማስታወቂያ እስከ ተግባር ከሁለት ዓመት በላይ ተቆጥሯል። ሆኖም ማስታወቂያው በዋናነት ለፕሮግራም አዘጋጆች የታለመ ሲሆን፣ ከእነርሱም ብዙዎቹ ያለ ክፍያ በትርፍ ጊዜያቸው የሚሠሩ ነበሩ። ከዚህም በላይ በርካታ ፕሮግራሞች የሚያስፈልጓቸው አገልግሎቶች በአዲሱ ሥርዓት ውስጥ ስላልተካተቱ የጊዜው መርዘም ብቻውን መፍትሔ ሊሆን አልቻለም።

ከለውጡ በኋላ

ቅር የተሰኙ ተጠቃሚዎች የተለያየ መንገድ ተከትለዋል። አንዳንዶቹ ነባሩን ስልት ይዞ ወደቀጠለው ፔል ሙን ተሻገሩ። ሌሎች የቀድሞዎቹን ፕሮግራሞች የሚቀበለውን ፋየርፎክስ 52 የተራዘመ ድጋፍ እትም ሲጠቀሙ ቢቆዩም፣ የዚህ እትም የደኅንነት ድጋፍ በሴፕቴምበር 2018 አብቅቷል። ጥቂቶች ደግሞ የብራውዘሩን ገጽታ በራሳቸው በጻፉት የኮድ ፋይል ማስተካከልን መረጡ። ይህም መንገድ ቢሆን በሴፕቴምበር 2019 በወጣው ፋየርፎክስ 69 ተጠቃሚው ራሱ ካልከፈተው በስተቀር ዝግ እንዲሆን ተደርጓል።

የማዕከላዊ ቁጥጥሩ ጎን ለጎን የያዘው ስጋት በሜይ 2019 ታይቷል። ተጨማሪ ፕሮግራሞችን ለማረጋገጥ የሚያገለግለው የሞዚላ ዲጂታል ሰርተፊኬት ጊዜው በማለፉ በመላው ዓለም የተጫኑ ፕሮግራሞች ባለቤታቸው ምንም ሳያደርግ ሥራ አቆሙ። ችግሩን የሚያርም እትም በቀናት ውስጥ ቢወጣም፣ ለደኅንነት ሲባል የተዘረጋ ሥርዓት ራሱ የሥራ መስተጓጎል ምክንያት ሊሆን እንደሚችል ያመለከተ ክስተት ነበር።

የተጠቃሚዎች ድምፅ ፈጽሞ አልተሰማም ማለት ግን አይቻልም። በጁን 2021 ከወጣው ፋየርፎክስ 89 ጋር ሊቀር ታስቦ የነበረው የተጠጋጋ የአዝራሮች አቀማመጥ ከቅሬታው በኋላ ይፋዊ ድጋፍ ባይኖረውም እንዲቆይ ተደርጓል። ታቦችን በጎን የመደርደር አገልግሎትም በማርች 2025 በፋየርፎክስ 136 የብራውዘሩ መደበኛ አካል ሆኗል።

ተመሳሳይ ሁኔታ በሌሎችም ተከስቷል። ኦፔራ በጁላይ 2013 የውስጥ ሞተሩን ቀይሮ 15ኛ እትሙን ሲያወጣ አብሮት የነበረውን የኢሜይል አገልግሎትና በርካታ ማስተካከያዎችን በመተው፣ ከኩባንያው መሥራቾች አንዱ የነበሩት ዮን ፎን ቴትዝችነር ለእነዚሁ ተጠቃሚዎች ያሰቡትን ቪቫልዲ የተሰኘ ብራውዘር በ2016 በሙሉ እትም አቅርበዋል። ጎግል ክሮምም የተጨማሪ ፕሮግራሞችን ደንብ በመለወጡ ማስታወቂያዎችን የሚያግደው ዩብሎክ ኦሪጅን ከ2024 ጀምሮ በሂደት ከክሮም እንዲወጣ ተደርጓል።

ለመሥሪያ ቤቶች ያለው ትምህርት

ከዚህ ተሞክሮ መረዳት የሚቻለው አምራቹ በይፋ የሚደግፈውን አገልግሎት ለጊዜው ብቻ ከሚሠራው ለይቶ ማወቅ አስፈላጊ መሆኑን ነው። አንድ የሥራ ክፍል የዕለት ተግባሩን በአንድ ግለሰብ በተዘጋጀ ተጨማሪ ፕሮግራም ላይ ካደራጀ፣ ያ ፕሮግራም ሲቋረጥ በምን እንደሚተካ አስቀድሞ መወሰን ይጠበቅበታል።

አሮጌውን እትም ይዞ መቆየትም አስተማማኝ መፍትሔ አይደለም። የደኅንነት ማስተካከያ የማይደረግለት ብራውዘር የመሥሪያ ቤቱን ሰነዶችና ኔትወርክ ለጥቃት ያጋልጣል። ከዚህ ይልቅ በ2012 ለተቋማት ታስቦ የተጀመረውን የተራዘመ ድጋፍ እትም መጠቀም፣ የደኅንነት ማስተካከያው ሳይቋረጥ የገጽታና የአሠራር ለውጦች በዓመት አንድ ጊዜ ገደማ ብቻ እንዲመጡ ያስችላል። ሠራተኛው ለውጡ ከመድረሱ በፊት እንዲያውቀውና እንዲለማመደው ለማድረግም ጊዜ ይሰጣል።

በተጨማሪም ከሜይ 2018 ጀምሮ በፋየርፎክስ 60 በቀረበው የተቋማት መመሪያ አማካኝነት የኮምፒውተር ክፍሉ የመነሻ ገጹን፣ የኔትወርክ አቀማመጡንና የሚፈቀዱትን ተጨማሪ ፕሮግራሞች ከአንድ ማዕከል መወሰን ይችላል። ይህ ሥልጣን ሥራ ላይ ሲውል ግን ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠየቁ የሚገባቸው በመሣሪያው በብዛት የሚሠሩት ሠራተኞች ናቸው። በፋየርፎክስ ለውጥ ወቅት እንደታየው፣ አንድ አገልግሎት ሲነሳ ምን ሥራ እንደሚስተጓጎል ቀድመው የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና።