ሰርቪስ፣ ነጥብና ፍርሃት

መረብ ኳስ ሲፈጠር ሰርቪስ ማጥቂያ አልነበረም። ዊልያም ሞርጋን እ.ኤ.አ. በ1895 (የምንጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ በሆልዮክ ከተማ ጨዋታውን ሲጀምር ያሰበው የቅርጫት ኳስ ግፊያ ለሚከብዳቸው ጎልማሶች ነበርና፣ ሰርቪስ ኳሷን ወደ ጨዋታ ማስገቢያ ብቻ ነበር።

ለብዙ አሥርት ዓመታት የጸናው የነጥብ አቆጣጠር ግን ለሰርቪስ ልዩ መብት ሰጠው። ነጥብ የሚያስቆጥረው ሰርቪስ የያዘው ቡድን ብቻ ነው፤ ተቀባዩ ቢያሸንፍ የሚያገኘው ሰርቪሱን እንጂ ነጥብ አይደለም። የመታት ኳስ መረብ ላይ የቀረችበት ተጫዋች በነጥብ ሰሌዳው ላይ ምንም ያጠፋው አይታይም። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ብራዚላዊው በርናርድ ራይዝማን ኳሷን ከታች መትቶ ወደ አዳራሹ ጣሪያ ሲልካት፣ ተቀባዮቹ አንጋጠው በመብራት መካከል ይፈልጓት ነበር። ጓደኞቹም እየዘለሉ በኃይል መምታትን አስለመዱ። ያ ቡድን በ1984 በሎስ አንጀለስ የብር ሜዳሊያ አገኘ።

ይሁንና ሁለት እኩል ቡድኖች ሲገጥሙ ሰርቪሱ ወዲያና ወዲህ ሲመላለስ ሰሌዳው ሳይነቃነቅ ይቆያል። መቼ እንደሚያልቅ የማይታወቅ ጨዋታ ደግሞ ለቴሌቪዥን አይመችም። በ1988 አምስተኛው ዙር ብቻ እያንዳንዱ ኳስ ነጥብ የሚያስገኝበት ሆነ። በ1998 ቶኪዮ ላይ የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ ጉባኤ ይህንኑ ለሁሉም ዙሮች አጸደቀው፤ አራቱ እስከ 25፣ አምስተኛው እስከ 15። በኦሊምፒክ መጀመሪያ የተሠራበት በ2000 በሲድኒ ነው።

ታዲያ የሳተ ሰርቪስ ለተጋጣሚ ነጥብ ከሆነ፣ መቺው መፍራት የለበትምን? እስቲ በምሳሌ እናስላው። ለስላሳ ሰርቪስ ከአሥር ሦስቱን ኳስ ያሸንፋል እንበል፤ ጎበዝ ተቀባይ ኳሷን አመቻችቶ አጥቂው ይጨርሳታልና። ዘሎ የሚመታው ሁለቱን ይስታል፣ ከቀሩት ስምንት ግን አራቱን ያሸንፋል። አራት ከሦስት ይበልጣል! አንባቢ ልብ ይበል፤ በአሮጌው ሕግ ኳሷ መረብ ላይ ብትቀርም፣ ተጋጣሚ አጥቅቶ ቢጨርሳትም የሚጠፋው ያው ሰርቪሱ ነበር። በአዲሱም በሁለቱም መንገድ የሚጠፋው ያው አንድ ነጥብና ሰርቪሱ ነው። ሂሳቡ አልተለወጠም። የተለወጠው ስሕተቱ በሰሌዳ ላይ መታየቱ ነው፤ ተጫዋቹን የሚያስፈራው፣ አሠልጣኙንም ከመቀመጫው የሚያስነሳው እርሱ ነው። በተቀባዮች ጉብዝና ለስላሳ ሰርቪስ የተሸነፈ ኳስ ግን የመቺው ስሕተት ተብሎ ስለማይመዘገብ ማንም አይቆጣበትም። ለእኔ እንደሚመስለኝ አዲሱ ሕግ ያመጣው ትልቁ አሳሳች ነገር ይኸው ነው።

ከፍተኛ ደረጃ ላይ ያሉት ቡድኖች አልተታለሉም፤ ዘሎ መምታት ከዚያ ወዲህ ይበልጥ በረታ እንጂ አልቀረም። በትምህርት ቤት ሜዳ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ተቀባዩ ገና ጀማሪ ከሆነና ለስላሳው ሰርቪስ ከአሥር ስድስት ሰባቱን ካሸነፈ፣ ሁለቱን እየሳቱ በኃይል መምታት ኪሳራ ነው፤ በአሮጌውም ሕግ ኪሳራ ነበር።