የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ቁጥጥር (ኢትዮጵያ)

የበጎ አድራጎት ድርጅቶችንና የማኅበራትን ምዝገባ፣ የገንዘብ አያያዝና ሥራ መንግሥት የሚከታተልበት ሥርዓት። የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 ሲሆን አስፈጻሚው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ነው።

የቀድሞው አዋጅ ቁጥር 621/2001 ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ማኅበር በሰብአዊ መብት፣ በሴቶችና ሕፃናት መብት ወይም በግጭት አፈታት ላይ እንዳይሠራ ከልክሎ ነበር። ጉዳቱ ከባድ ነበር፤ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ጉባኤ (ኢሰመጉ) እና የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር የባንክ ሒሳባቸው ታገደ። የአስተዳደር ወጪን ከ30 በመቶ እንዳያልፍ የገደበው «70/30» የሚባለው አሠራርም የልማት ድርጅቶችን አስሮ ያዘ፤ ከአዳማ ሁሩታ ሄዶ ሥልጠና የሚሰጥ ባለሙያ አበልና ትራንስፖርት ሳይቀር እንደ አስተዳደር ወጪ ይቆጠር ነበር። የ2011ዱ ሕግ ጣሪያውን 20 በመቶ ቢያደርገውም ለፕሮጀክት ሥራ የሚወጣውን ከዚህ አወጣ፤ የውጭ ገንዘብ ገደቡንም ሻረ። ይህ ተገቢ እርማት ነው።

የፌዴራሉ ሕግ የሚመለከተው የውጭ ድርጅቶችን፣ ከአንድ ክልል በላይ የሚሠሩትንና በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ያሉትን ነው። በአርሲዋ ሁሩታ ብቻ የሚሠራ ማኅበር ጉዳዩ የኦሮሚያ ክልል ነው። ድንኳን፣ ወንበርና ድስት አዘጋጅቶ ለሐዘንተኛ የሚደርሰው እድር ደግሞ፣ እንደ እቁብና እንደ ሃይማኖት ተቋማት፣ ከአዋጁ ውጭ ነው።

ባለሥልጣኑ ድርጅት የማገድ ሥልጣን አለው፤ በ2017 ኢሰመጉን ጨምሮ የመብት ድርጅቶችን አግዷል። ቅር የተሰኘ ድርጅት ለባለሥልጣኑ ቦርድ፣ ከዚያም ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይግባኝ ይላል።