በዘር ላይ የቀረ ስም

ከወረታ ወደ ጎንደር የሚሄድ መንገደኛ እንፍራንዝ አጠገብ የአፄ ሠርጸ ድንግልን የጉዛራ ግንብ ያገኛል። ቅርስ ሲባል ዓይናችን የሚሮጠው ወደዚህ ወደ ድንጋዩ ነው። ያቋረጠውን የፎገራን ሜዳ ግን ዞር ብሎ የሚያይ ጥቂት ነው።

ሜዳው ጥንት ከእህል ይልቅ የከብት ነበር። ክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሲተኙበት እረኛው ከብቱን ወደ ከፍታው ያወጣል፤ ውሃው ሲሸሽ ገበሬው በቀረው እርጥበት ጓያና ሽምብራ ይዘራል። ውሃው ሁሌ እንዲህ በልክ አይመጣም፤ በ1998 ዓ.ም. ነሐሴ ብዙ ሰው ከቤቱ አፈናቅሏል።

በ1960ዎቹ በዚሁ ረግረግ የዱር ሩዝ መብቀሉ ታወቀ። ሜዳው የሚስማማውን ራሱ ጠቁሞ ነበር ማለት ነው። በ1970ዎቹ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች መጥተው በደራ ጅግናና በፎገራ ሻጋ ባሉ የአምራች ገበሬዎች ማኅበራት ሩዝ አስዘሩ። በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ የአምራቾች ማኅበራት ፈረሱ፤ ኮሪያውያኑም የሉም። ዘሩ ግን አብሮ አልፈረሰም። ከጎረቤት ወደ ጎረቤት ተሻግሮ ዛሬ ኤክስ-ጅግና በሚል ስም ይታወቃል።

ፈረንሳዮች ሮክፎር የተባለች መንደር አለቻቸው፤ አይቧ በስሟ ይጠራል፤ ስሙንም ከ1925 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕግ አስከብረውላታል። ጅግና ያገኘችው ፊቷ ላይ የተለጠፈ አንድ «ኤክስ» ብቻ ነው!

ሩዙን የአገር እህል ያደረገው እንደ እኔ ግምት ባለሙያ ሳይሆን ምጣድ ነው። እንደ ሾርባና ፓስታ አልፎ አልፎ የሚበላ ሆኖ ቢቀር ኖሮ ገበሬው በዓመቱ ይተወው ነበር። ሴቶቹ ከጤፍ ቀላቅለው እንጀራ ጋገሩት፤ ለጠላና ለአረቄም አዋሉት። ሥራው ግን ቀላል አይደለም። አንዴ ታርሞ የሚተው ስላልሆነ ከጭቃ ውስጥ ደጋግሞ ጎንበስ ማለት ይጠይቃል፤ ድካሙን የሚያውቀው የእናቶችና የልጆች ወገብ ነው። ደቦና ወንፈል ባይኖር ማን ይዘልቀው ነበር?

ወረታ ዛሬ የሩዝ መፈልፈያ የሚንጫጫባት፣ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም ያላት ከተማ ናት። በወተቷ የታወቀችው ጥቁርና ነጭ ዥጉርጉር የፎገራ ላም ግን ግጦሿን ለሩዝ ለቃለች። ዝርያዋ እንዳይጠፋ ባሕር ዳር አጠገብ በአንዳሳ የምርምር ማዕከል ይጠበቃል፤ እዚህ ሜዳው ላይ የቀረችው ደግሞ በበጋ የሩዝ ገለባ ትበላለች።